እርማቱ ሳያልቅ ልብ ወለዱ እንዴት ይጻፍ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ኮሌጅ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። በሴሚስተር አራት የድርሰት ሴክሽን ይሰጠኛል፤ በእያንዳንዱ 25 ተማሪ አለ። ለማዕረግ ዕድገት ደግሞ ጥናት ማሳተም ይጠበቅብኛል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ የጀመርኩት ልብ ወለድ አለ። በሕፃን ልጅ አንደበት የሚተረክ ነው። ገጽ 140 ላይ ቆሟል፤ ከቆመ ሁለት ዓመቱ። አንዲት ባልደረባዬ ‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ አንቺ ደግሞ ሦስት ላይ ነው የምትወጪው› አለችኝ። እውነት አንዱን መተው አለብኝ? ካልሆነስ ሦስቱን እንዴት ላመጣጥናቸው?»

ውድ ጠያቂዬ፣ የባልደረባዎ ተረት እውነት አለው፤ ለእርስዎ ግን የሚሠራው በግማሽ ነው። ማስተማር፣ ምርምርና ልብ ወለድ ለየብቻ የቆሙ ሦስት ዛፎች አይደሉም። ሦስቱም ማንበብና መጻፍ ናቸው። ችግርዎም የሚነሳው ከመራራቃቸው ሳይሆን ከመመሳሰላቸው ነው። የሂሳብ መምህር ማታ ልብ ወለድ ልጻፍ ቢል፣ ቀን የደከመው ሌላ ነገሩ ነው። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ የምንሠራው በቃላት ነው። የሰው ዓረፍተ ነገር ስናቃና እንውልና ማታ የራሳችንን ስንፈልግ ጆሯችን ደክሟል። ስለዚህ ማታ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠው አንድ መስመር ሳይወጣዎት ሲነሱ ስንፍና ነው ብለው አያስቡ። ተሰጥኦዬ ጠፋ ብለውም አይደንግጡ።

መልሴን በአጭሩ ልንገርዎ፣ ከዚያ ወደ ዝርዝሩ እንገባለን። አንዱንም አይተዉ። እኩል ላድርጋቸው ብለውም አይድከሙ። የሚያስፈልግዎ ቅደም ተከተል ነው። ልብ ወለዱ በቀኑ መጀመሪያ ይግባ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። እርማቱን በደንብ ያሳጥሩት። ምርምሩን ደግሞ ከክፍልዎና ከልብ ወለድዎ ውስጥ ያውጡት እንጂ እንደ ሦስተኛ ሥራ ከውጭ አያምጡት።

ልብ ወለዱ የሚቀድመው ጠያቂ ስለሌለው ነው። ተማሪዎችዎ ውጤታቸውን ይጠይቃሉ። ዲፓርትመንቱ ጥናትዎን ይጠይቃል። ያንን ሕፃን ልጅ ግን ከእርስዎ ሌላ የሚጠይቅለት ሰው የለም። ጠያቂ የሌለው ሥራ ወደ ቀኑ መጨረሻ ከተገፋ፣ ነገ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ይገፋል። ከዚያ ወደ ሴሚስተሩ መጨረሻ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከ20 ዓመት በላይ አስተምሬያለሁ። ከዚያ ውስጥ አራቱን ዓመት «እርማቱን ልጨርስና እጽፋለሁ» እያልኩ አሳልፌያለሁ። እርማቱ አንድ ቀን እንኳ አላለቀልኝም። አንዱ ክምር ሲያልቅ ሌላው ይመጣል። ከአራት ዓመት በኋላ የአጭር ልብ ወለዶቼን ፋይል ስከፍት አንዷ ገጸ ባሕርይ ከቤቷ ለምን እንደወጣች ማስታወስ አቃተኝ። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ወረቀት ላይ አልነበረም። ያ ታሪክ እስከ ዛሬ አልተጻፈም። የእርስዎ ሁለት ዓመት አራት እንዲሆን አልፈልግም።

አሁን ወደ እርማቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሰዓትዎን እየበላ ያለው እሱ ነውና።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። 100 ተማሪ አለዎት። እያንዳንዱ በሴሚስተር አራት ድርሰት ቢጽፍ 400 ድርሰት ነው። ለአንዱ 20 ደቂቃ ቢሰጡ 8,000 ደቂቃ፣ ማለትም ከ133 ሰዓት በላይ። ለ15 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ክፍል የሚገቡበት፣ የሚዘጋጁበት፣ ስብሰባ የሚቀመጡበት እዚህ ውስጥ የለም። አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ድርሰት መምህራንን የሚያሰባስበው ጉባኤ በአንድ የድርሰት ክፍል ከ20 ተማሪ በላይ እንዳይኖር፣ ቢቻል 15 እንዲሆን ይመክራል። አንድ መምህር በሴሚስተር ከ60 በላይ የድርሰት ተማሪ ባይይዝ ይላል። እርስዎ 100 ይዘዋል። እነዚህን ቁጥሮች ለኃላፊዎ በጽሑፍ ቢያቀርቡ ጥሩ ነው። ዛሬ ባይሰማዎ እንኳ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሴክሽን ሲደለደል መነሻ ይሆንዎታል።

እስከዚያው 20 ደቂቃውን ወደ 12 ማውረድ ይቻላል። ይህን የምመክርዎ ተማሪዎቹን ችላ እንዲሉ አይደለም። ባጠረ ጊዜ የተሻለ አስተያየት መስጠት ይቻላል እያልኩ ነው። ናንሲ ሶመርስ የተባለች የድርሰት ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመችው ጥናት መምህራን በተማሪ ድርሰት ላይ የሚጽፉትን አስተያየት መረመረች። አብዛኛው አስተያየት ከአንዱ ድርሰት ተነቅሎ ሌላው ላይ ቢለጠፍ ለውጥ የማያመጣ ሆኖ አገኘችው። እኔ ይህን ጥናት ካነበብኩ በኋላ የራሴን እርማት አወጣሁና አየሁ። አንዲት ተማሪ ስለ አያቷ የእጅ ሰዓት ጽፋለች። ዳር ዳሩን የጻፍኩት ይህ ነው፦ «ግልጽ አድርጊው»፣ «ዝርዝር ይጎድላል»፣ «አስፊው»፣ «እንዴት?»። ዘጠኝ አስተያየት ነበር። ስለ ሰዓቱ ወይም ስለ አያቷ የሚናገር አንድም የለበትም። ዛሬ ያንን ድርሰት ባገኘው የምጽፈው አንድ ነገር ነው፦ «አያትሽ ሰዓቱን ሲሰጡሽ ምን እንዳሉ አልነገርሽንም። ሦስተኛው አንቀጽ የሚጠብቀው እሱን ነው።» ይህን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ተማሪዋም የምትይዘው ነገር አገኘች።

ስለዚህ በአንድ ድርሰት ላይ ከሁለት ነገር በላይ አይናገሩ። አስተያየቱን ደግሞ በረቂቁ ላይ ይስጡ፣ ተማሪው ገና ማስተካከል በሚችልበት ጊዜ። የመጨረሻው ቅጂ ላይ ውጤትና ሁለት መስመር ይበቃል። ሥራው ካለቀ በኋላ የተጻፈ ረጅም አስተያየት ብዙ ተማሪ ውጤቱን አይቶ ያጥፈዋል።

ሰዋስውስ? እዚህ ላይ ሪቻርድ ሃስዌል የተባለ የድርሰት መምህር እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበው ዘዴ አለ። እኔ ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ። ስሕተቱን አያርሙትም፣ ስሙንም አይጽፉም። ስሕተት ባለበት መስመር ዳር አንዲት ምልክት ብቻ ያደርጋሉ። በአንድ መስመር ሁለት ስሕተት ካለ ሁለት ምልክት። ከዚያ ወረቀቱን ይመልሳሉ። ተማሪው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ራሱ ይፈልጋል፣ ያርማል፣ መልሶ ያስረክባል። ውጤቱ የሚመዘገበው ከዚያ በኋላ ነው። ሃስዌል ተማሪዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ስሕተት በራሳቸው እንዳገኙ አሳይቷል። ነጥብ የጎደለበትን፣ የግሡ መጨረሻ የተዘለለበትን፣ ቃሉ ያለቦታው የገባበትን ያውቁታል። ለካ አላስተዋሉትም እንጂ አልጠፋባቸውም። እርስዎ ደግሞ የሚያስተምሩት የቀረውን፣ በእርግጥ የማያውቁትን ነው።

በ12 ደቂቃ 400 ድርሰት 80 ሰዓት ይወስዳል። ከበፊቱ 53 ሰዓት ተረፈ ማለት ነው። ያንን በ40 ደቂቃ ቢያካፍሉት 80 ጊዜ ቁጭ ብለው መጻፍ ይችላሉ። አንድ ሴሚስተር ውስጥ 80 ጊዜ!

አንድ ነገር ልጨምር። አራቱም ሴክሽኖች በአንድ ሳምንት ድርሰት እንዲያስገቡ አያድርጉ። የማስረከቢያ ቀናቱን ያፈራርቋቸው። ኮርሱ ሳይጀመር በፊት ካላፈራረቁት በኋላ አይቻልም።

የጠዋቱ 40 ደቂቃ እንዴት ይያዝ? ሮበርት ቦይስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለዓመታት የዩኒቨርሲቲ መምህራንን የአጻጻፍ ልማድ ተከታትሏል። ትልቅ ባዶ ጊዜ እስኪመጣ የሚጠብቁት ትንሽ ጻፉ። በየሥራ ቀኑ ጥቂት ጥቂት የጻፉትና ለሌላ ሰው ሪፖርት ያደረጉት ብዙ ጻፉ። ትልቁ ባዶ ጊዜ ሲመጣ ያልለመደ እጅ አይጽፍበትም። አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን ማለዳ መጻፍ የጀመረችው ልጆቿ ሳይነሱ መጻፍ ስለነበረባት ነው። በዚያን ጊዜ የአሳታሚ ድርጅት አርታኢ ሆና ትሠራ ነበር። በኋላ ግን ጭንቅላቷ የሚሠራው ማለዳ መሆኑን አወቀች። ልጆቹ ካደጉም በኋላ ማለዳውን አልተወችውም።

እርስዎ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ካለዎትና ልጆች የሚያለባብሱ ከሆነ፣ «የቀኑ መጀመሪያ» ማለት የግድ ጎሕ ሲቀድ ማለት አይደለም። የሌላ ሰው ጽሑፍ ከማንበብዎ በፊት ያለው ሰዓት ማለት ነው። ሕጉ ይህ ብቻ ነው፤ ኢሜይል ሳይከፈት፣ ድርሰት ሳይነበብ። ምክንያቱም የአራሚ ዓይን አንዴ ከተከፈተ ቶሎ አይዘጋም። ስሕተት ሲፈልግ የዋለ ዓይን የራስዎን ረቂቅም የሚያየው በቀይ እስክሪብቶ ነው። ገና ያልተወለደ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ያንን አይችልም። አርትዖቱን ከሰዓት በኋላ ይሥሩት፤ ለእሱ የአራሚ ዓይን ጥሩ ነው።

ሲጨርሱ ነገ የሚጀምሩበትን አንድ መስመር ትተው ይነሱ። እኔ ደብተሬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እተዋለሁ፦ «ነገ፦ በሩን የሚያንኳኳው አጎቷ ነው። እሷ ግን አልጋ ሥር ናት፤ የምታየው ጫማውን ብቻ ነው።» በማግሥቱ ቁጭ ስል ምን ልጻፍ አልልም። ጫማውን መግለጽ እጀምራለሁ። ደራሲው ቭላድሚር ናቦኮቭ አሜሪካ ውስጥ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር በነበረበት ጊዜ ልብ ወለዱን የሚጽፈው በትንንሽ ካርዶች ላይ ነበር። አንዱን ትዕይንት ከመሐል፣ ሌላውን ከመጨረሻው መጻፍ ይችላል፤ በኋላ ካርዶቹን ይደረድራቸዋል። ጊዜው ለተቆራረጠበት መምህር ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። በ40 ደቂቃ አንድ ምዕራፍ አይጻፍም፤ አንድ ካርድ ግን ይጻፋል።

አሁን ምርምሩ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችን በአንድ ርዕስ ላይ ነው፣ የምናስተምረው ሌላ ነው፣ የምንጽፈው ልብ ወለድ ሦስተኛ ነገር ነው። ለሦስቱም ለየብቻ ማንበብ ይኖርብናል። እሱ ነው የማይቻለው። አንድ የንባብ መስመር ይምረጡ፤ ሦስቱም ከእሱ ይቀለቡ።

የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን ታሪክ ላንሳ። ኦክስፎርድ ውስጥ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 «ቤዎውልፍ» ስለተባለው ጥንታዊ የእንግሊዝኛ የጀግና ግጥም ታዋቂ ንግግር አደረገ። በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት ግጥሙን የሚያነቡት ስለ ጥንት ታሪክ መረጃ ለማግኘት ነበር። ጭራቆቹንና ዘንዶውን እንደ ተራ ተረት ያልፏቸዋል። እሱ ግን የግጥሙ ልብ እነሱ ናቸው ብሎ ተከራከረ። በዓመቱ፣ በ1937፣ «ዘ ሆቢት» የተባለው ልብ ወለዱ ታተመ። እዚያ ውስጥ አንድ ዘንዶ አለ፤ ከሀብቱ ላይ አንድ ጽዋ ይሰረቅበትና ይቆጣል። «ቤዎውልፍ» ውስጥም ዘንዶው የሚቆጣው ጽዋ ተሰርቆበት ነው። ጥናቱና ተረቱ የመጡት ከአንድ ንባብ ነው። ያ መጽሐፍ የተጀመረበት የመጀመሪያ መስመር ደግሞ የተጻፈው የፈተና ወረቀት ሲታረም ነው። አንድ ተፈታኝ ባዶ የተወው ገጽ ላይ። እንደኛው በእርማት የደከመ ሰው ነበር።

የእርስዎ ልብ ወለድ በሕፃን አንደበት ይተረካል ብለዋል። ከዚያ እንነሳ። የሕፃን ተራኪ ዋና ችግሩ ይህ ነው፦ ልጁ ያያል፣ አይገባውም፤ አንባቢው ግን ሊገባው ይገባል። ደራሲው ልጁ የማያውቀውን ነገር በልጁ አፍ እንዴት ለአንባቢ ያደርሳል? ይህ ጥያቄ ልብ ወለድዎ ገጽ 140 ላይ የቆመበት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ጥሩ የጥናት ጥያቄም ነው። ጥሩ የክፍል ልምምድም ይወጣዋል።

ለድርሰት ሴክሽንዎ ይህን ይስጡ፦ «ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከበር ጀርባ ይጣላሉ። የሰባት ዓመት ልጅ ይሰማል። ጠብ፣ ንዴት፣ ለቅሶ የሚሉ ቃላት ሳትጠቀሙ በአንድ ገጽ ጻፉ።» ተማሪዎቹ ሲጽፉ እርስዎም አብረው ይጻፉ። አንዱ ተማሪ ስለ ሳህን ድምፅ ይጽፋል፣ ሌላዋ በድንገት ስለተዘጋ ሬዲዮ። ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ ስትወያዩ የሚይዙት ማስታወሻ የኮንፈረንስ ጽሑፍ መነሻ ነው። እሱን በተመረጡ ሁለት ሦስት ልብ ወለዶች ላይ በሚደረግ ትንታኔ ካሰፉት ለጆርናል የሚሆን ጽሑፍ ይወጣዋል። ዓመቱን ሙሉ የሚያነቡት በሕፃን የተተረኩ ሥራዎችን ነው። ንባቡ አንድ ነው፣ የሚመገቡት ሦስት ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንዳይዘነጉ አደራ። የተማሪን ጽሑፍ ለጥናት የሚጠቀሙ ከሆነ የተማሪውን ፈቃድና የተቋሙን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አስቀድመው ይያዙ፤ ከታተመ በኋላ የሚመጣ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ሁለተኛው ለእኔ ከዚህም ይበልጣል። ተማሪዎች በድርሰት ስለ ቤታቸው ብዙ ይነግሩናል። ያንን የነገሩን ለመምህርነታችን ነው። ወደ ልብ ወለድዎ አያስገቡት። ስም ቢቀይሩ፣ ቦታ ቢቀይሩ ባለቤቱ ያውቀዋል።

ስለ ማዕረግ ዕድገቱ አጭር ነገር ልበል። የተቋምዎን መመሪያ ራስዎ ያንብቡት፤ ኮሪደር ላይ የሚወራው ብዙ ጊዜ ከመመሪያው ይለያል። የፈጠራ ሥራ ይቆጠራል ወይ? ስለ ማስተማር የሚጻፍ ጥናትስ? መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ኧርነስት ቦየር የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 ለካርኔጊ ፋውንዴሽን ባቀረበው ታዋቂ ሪፖርት ምርምር ማለት አዲስ ነገር ማግኘት ብቻ አይደለም ብሎ ነበር። ዕውቀትን ማቀናጀት፣ ሥራ ላይ ማዋል፣ ማስተማርም በራሱ የምርምር ዘርፍ ነው አለ። ብዙ ተቋማት መመሪያቸውን ሲያሻሽሉ ይህን ሐሳብ ተጠቅመውበታል። የእርስዎም ከተጠቀመ ከላይ ያልኩት የክፍል ልምምድ በቀጥታ ይቆጠርልዎታል።

በሁለት ዓመት አንድ ጠንካራ ጽሑፍ ያቅዱ፤ ሦስት ደካማ አያቅዱ። ጽሑፉ ለግምገማ ከተላከ በኋላ መልስ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ያን ጊዜ ሌላ ጥናት አይጀምሩበት። ለልብ ወለዱ ይስጡት። (ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ደግሞ፦ በትርፍ ሰዓት ወይም በኮንትራት የምታስተምሩ፣ ውላችሁ ማሳተምን የማይጠይቅ ከሆነ፣ ምርምሩን ለጊዜው ብትተዉት ምንም ነውር የለውም። ንባቡን ግን አትተዉ።)

ሴሚስተሩም ሁሉ አንድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ቀለል ይላሉ፤ አዲስ ትዕይንት ይጻፉባቸው። ድርሰት በሚከመርበት ሳምንት 40ው ደቂቃ 15 ይሁን፤ የተጻፈውን ማንበብ ብቻ፣ አንድ ቃል መቀየር ብቻ። ያ 15 ደቂቃ ገጽ አይጨምርም። ልጁ ግን ከአእምሮዎ እንዳይወጣ ያደርጋል። የምዕራፎች አደረጃጀት፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ወዴት ይሂድ የሚለው ጉዳይ ለረጅሙ ዕረፍት ይቆይ። እሱ ሰፊ ጊዜ ይፈልጋል፤ ዕረፍቱ ሲመጣ ግን እጅዎ የለመደ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ቅር የሚለው ሰው ይኖራል። ሦስተኛውን ኮሚቴ «አልችልም» ሲሉ ኃላፊዎ ቅር ይላቸዋል። ዘጠኝ አስተያየት የለመደ ተማሪ ሁለት ሲያይ ይጠይቃል። ለተማሪው ምክንያቱን በመጀመሪያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ያስረዱ። ለኃላፊዎ የ100 ተማሪውን ሂሳብ ያሳዩ።

ልብ ወለዱን ሲከፍቱ ከገጽ 1 አይጀምሩ። ሁለት ዓመት የራቁት ጽሑፍ ከመጀመሪያው ሲነበብ ሁሉ ነገሩ የሚታረም ይመስላል፤ እርማት ውስጥ ይገቡና ሴሚስተሩ ያልቃል። የመጨረሻዎቹን አሥር ገጾች ብቻ ያንብቡ። ከዚያ በካርድ ላይ አንድ ጥያቄ ይጻፉ፦ ልጁ አሁን የት ነው ያለው፣ ከዚያስ ቦታ ሆኖ ምን ይታየዋል? ሰኞ ከመጀመሪያው ክፍልዎ በፊት የዚያን ጥያቄ መልስ ይጻፉ። ገጽ 141 እሱ ነው።